«ጂኑ ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ኪሎ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ነበርኩ። ወንበር ያገኘው ተቀምጦ፣ ያላገኘው በሩን ተደግፎ፣ ሁሉም ዓይኑን ቴሌቪዥኑ ላይ ተክሏል። በተጠባባቂነት ተይዞ ቆይቶ፣ ሲሳይ ለማ ስለተጎዳ በምትኩ የተሰለፈው ታምራት ቶላ የፓሪሱን የኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ ጨርሶ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሲያሻሽል ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አጠገቤ የተቀመጡ፣ ከረባታቸውን ያላሉ አንድ ጎልማሳ ማኪያቷቸው እስኪፈስ ድረስ ጠረጴዛውን ደበደቡና፣

«ምን ጥያቄ አለው! ጂናችን ነው!» አሉ።

ማንም አልተቃወማቸውም። አስተናጋጇ እንኳ ብርጭቆ እየሰበሰበች «ጂን ነው እንጂ!» አለች። እኔም አጨበጨብኩ። በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚከራከር ሰው ጤንነቱ ያጠራጥራል።

ወደ ቤቴ ስመለስ ግን ያቺ ዐረፍተ ነገር ተከተለችኝ። ይህችኑ አባባል ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ ቤት፣ በሌላ ድምፅ ሰምቻት ነበር። ያኔ አልተጨበጨበላትም፤ አንዲት ልጅ ከትዳር አስቀርታ ነበርና። ወደዚያ ታሪክ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ቃሉን ራሱን እንመርምረው።

ዛሬ በከተማችን «ጂን» ያልገባበት ወሬ የለም። ልጅ በሂሳብ ሲወድቅ የአባቱ ጂን ነው፤ ሲያልፍ የእናቱ (ተናጋሪው የየትኛው ወገን ዘመድ እንደሆነ ማጣራት ነው)። ፀጉር ሲመለጥ ጂን፣ ትዳር ሲፈርስ ጂን፣ ነጋዴ ሲያተርፍ «የንግድ ጂን»። አንድ የሬዲዮ እንግዳ የትውልድ አካባቢያቸውን ሰዎች «የጀግንነት ጂን ያለበት ሕዝብ» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ጠያቂውም «ልክ ነው» ብሎ ዘፈን ጋበዘን። ባለ ሳይንሱም፣ ባለ ዘፈኑም፣ ባለ ሽምግልናውም ቃሉን ይጠቀምበታል። አንድ ቃል እንዲህ ሁሉንም ነገር ሲያስረዳ መጠርጠር ጥሩ ነው።

አንባቢ «ይህ የሥነ ጽሑፍና የባህል መጽሔት ነው፤ የላቦራቶሪ ጉዳይ እዚህ ምን አመጣው?» ሊል ይችላል። እኔም የተማርኩት ጋዜጠኝነት ነው፤ ባዮሎጂን ከተለያየን ቆይተናል። ይሁን እንጂ ቃሉ ከላቦራቶሪ ወጥቶ መንገድ ላይ ከገባ በኋላ የሊቃውንቱ ብቻ አይደለም። የሒስ ሰው ግጥም ውስጥ የገባን የተሳሳተ ቃል ነቅሶ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ አደባባይ ላይ የሚንጎራደደውንም ቃል «ከወዴት መጣህ?» ሊለው ይገባል።

ቃሉ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። ከዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት ያንሳል ማለት ነው። አባቱ ዊልሄልም ዮሐንሰን የተባለ ዴንማርካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። ይህ ሰው ቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባው አቅም ስላልነበረው በወጣትነቱ መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ ሙያ ሊማር የገባ፣ በኋላም በራሱ ጥረት ሊቅ የሆነ ነው። የሚመራመረው በቦሎቄ ላይ ነበር። ቦሎቄ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል በመሆኑ፣ ከአንዲት ፍሬ የተነሣው ሐረግ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይደባለቅ ይቀጥላል። ዮሐንሰን ከአንዲት እንዲህ ያለች ሐረግ ከባድ ከባዱን ፍሬ ለብቻ፣ ቀላል ቀላሉን ለብቻ እየለየ ዘራ። ማንም ሰው ከከባዱ ከባድ፣ ከቀላሉ ቀላል እንዲወጣ ይጠብቃል። አልሆነም። የሁለቱም ልጆች በአማካይ እኩል መዘኑ። በአንዲት ሐረግ ውስጥ አንዱን ፍሬ ያከበደው፣ ሌላውን ያቀለለው፣ ፍሬው በቆባው ውስጥ የያዘው ቦታ፣ የደረሰው ውሃና አፈር እንጂ ለልጅ የሚያስተላልፈው ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ዮሐንሰን ሁለት ነገሮችን መለየት አስፈለገው። በዓይን የሚታየው፣ በሚዛን የሚመዘነው አንድ ነው፤ «ፌኖታይፕ» አለው። ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚሻገረው ሌላ ነው፤ «ጄኖታይፕ» አለው። ለሚሻገረው ነገር አንዲት አጭር ቃል ፈለገና፣ ሁጎ ደ ቭሪስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ይጠቀምበት ከነበረው «ፓንጂን» ከሚለው ቃል ላይ ራሱን ቆርጦ ጅራቱን አስቀረ። «ጂን» ተወለደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ዮሐንሰን ይህችን ቃል ሲያወጣ የፈለገው ባዶነቷን ነው። ከማንኛውም መላ ምት ነፃ የሆነች፣ ስለ ምንነቱ ምንም የማትናገር ቃል እንድትሆን ነበር ምኞቱ። ጂንን እንደ አንዲት የምትጨበጥ ቅንጣት ማሰብን ይጠራጠር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ «ውርስ» የሚለውን ቃል ራሱን ተቸ። ባዮሎጂ ይህን ቃል የተበደረው ከዕለት ተዕለት ንግግር ነው፤ በዚያ ንግግር ውስጥ ውርስ ማለት ገንዘብና ዕቃ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው መተላለፉ ነው፤ የአባት አፍንጫ ግን እንደ አባት ቤት አይወረስም የሚል ነበር የክርክሩ ፍሬ ነገር። እኔ ይህን ሳነብ ቃል አውጪው ራሱ የቃሉ የመጀመሪያ ሐያሲ ሆኖ አገኘሁት። አልሰማንለትም እንጂ።

ለምን አልሰማንም? ለዚህ መልሱ ከዴንማርክ ወደ ኒውዮርክ፣ ከቦሎቄ ወደ ዝንብ ይወስደናል። እ.ኤ.አ. በ1910 ቶማስ ሃንት ሞርጋን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በጠርሙስ ውስጥ ከሚያረባቸው የፍራፍሬ ዝንቦች መካከል ዓይኑ ነጭ የሆነ አንድ ወንድ ዝንብ አገኘ። የተለመዱት ዝንቦች ዓይናቸው ቀይ ነው። ሞርጋን ዝንቡን ከባለ ቀይ ዓይኖቹ ጋር አዳቀለው፤ የልጅ ልጆቹን ቆጠረ፤ ነጭነቱ እንዴት እንደሚወርድ ተከታተለ። ለዚህ ልዩነት ምክንያት የሆነውም ጂን «ነጭ» ተብሎ ተሰየመ። እስከ ዛሬም ስሙ ይኸው ነው።

አሁን አስቂኙ ነገር ይመጣል። «ነጭ» ተብሎ የሚጠራው ጂን ጤነኛ በሆነ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ዓይኑ ቀይ እንዲሆን መርዳት ነው! ቀለም የሚሠራባቸውን ጥሬ ዕቃዎች ወደ ዓይኑ ሕዋሳት ያስገባል። ሲበላሽ ቀለሙ ስለማይገባ ዓይኑ ነጭ ይሆናል። ስሙ የወጣለት ሲሠራ በሚያደርገው ሳይሆን ሲበላሽ በሚጎድለው ነው። ይባስ ብሎ ቀዩን ቀለም የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ብዙ ጂኖች ካልተባበሩ ቀይ ዓይን የሚባል ነገር የለም። ከእነዚህ አንዱ «ቡናማ» ይባላል፤ እሱም ሲበላሽ ዓይኑ ቡናማ ስለሚሆን ነው የተሰየመው። ጤነኛ ሆኖ የሚያግዘው ግን ቀዩን ቀለም ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ምሽት የቤትዎ መብራት ድርግም ቢል፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ የተቃጠለ ፊውዝ ቢያገኝ፣ ያችን ፊውዝ «የጨለማ ፊውዝ» ብለው ይጠሯታል? ቢጠሯትም በመካኒኮች መካከል ለመግባቢያ ያህል ምንም አይደለም። ስሙን ሰምቶ «ቤታችን ውስጥ ጨለማ የሚፈበርክ ዕቃ ተቀምጧል» ብሎ የሚሰጋ ጎረቤት ሲመጣ ነው ችግሩ። ፊውዟ ጨለማን አትሠራም፤ ብርሃንንም አትሠራም። ብርሃኑ የግድቡ፣ የሽቦው፣ የአምፑሉ፣ የክፍያውም ጭምር ነው። የእሷ መኖርና አለመኖር የሚያመጣው ልዩነት ብቻ ነው።

ሊቃውንቱ «የእንትን ጂን» ሲሉ ማለት የሚፈልጉት ይህን ነው። ሌላው ሁሉ ባለበት ሆኖ ይህች አንዷ ብትለያይ ውጤቱ ይለያያል፤ በቃ። የልዩነት ስም እንጂ የሠሪ ስም አይደለም። በአማርኛችን ግን «የ» የምትባል አንዲት ፊደል አለች። «የአንበሳ ደቦል» ስትል የዝምድና ነች፤ «የጤፍ እንጀራ» ስትል የተሠራበት ነች፤ «የሞት መልአክ» ስትል ደግሞ ሞትን የሚያመጣው ነች። «የስኳር ጂን» ብለን ስንጽፍ አንባቢው የሚያነበው በሞት መልአኩ ሰዋስው ነው። ስኳርን ይዞ የሚመጣ፣ ውስጥ የተቀመጠ፣ ቀን የሚጠብቅ አንዳች ነገር ይታየዋል።

እውነት ለመናገር ስህተቱን የጀመርነው እኛ አይደለንም። ሪቻርድ ዶኪንስ እ.ኤ.አ. በ1976 «ራስ ወዳዱ ጂን» የሚለውን ዝነኛ መጽሐፉን ሲያወጣ፣ ጂን ልብና ፈቃድ ያለው ፍጡር እስኪመስል ድረስ ዘይቤው ተሳካለት። ፈላስፋዋ ሜሪ ሚጅሊ ከሦስት ዓመት በኋላ በዚሁ ምክንያት ክፉኛ ተችታዋለች። ለዶኪንስ ፍትሕ ላድርግና፣ በኋላ በጻፈው መጽሐፍ «የንባብ ጂን» ቢባል እንኳ የልዩነት ነገር እንጂ ማንበብን የሚሠራ ጂን ማለት እንዳልሆነ በሚገባ አስረድቷል። ግን ርዕስ ከመጽሐፍ ይፈጥናል። ርዕሱን የሚያውቀው ሰው መጽሐፉን ካነበበው እጅግ ይበልጣል፤ ይህ በሌሎች መጻሕፍትም የምናውቀው የደራሲዎች ዕዳ ነው።

ሳይንሱ ራሱ ግን ርዕሱን ትቶት ሄዷል። የዲኤንኤ ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲታወቅ ጂን በመጨረሻ የሚጨበጥ ዕቃ ሆነ ተብሎ ነበር። በ1977 ደግሞ በብዙ ፍጥረታት ጂን እንደ አንድ ወጥ ክር ሳይሆን በመካከሉ ሌላ ነገር እየገባበት ተቆራርጦ እንደሚገኝ ታወቀ። የሰው ልጅ ጂኖች 100,000 ያህል ይሆናሉ ተብሎ ሲገመት ቆይቶ፣ በ2004 ቁጥሩ ከ20,000 እስከ 25,000 ባለው ውስጥ ወረደ። ሩዝ እንኳ ይበልጠናል። ለእያንዳንዱ ጠባያችን አንድ አንድ ጂን እናድል ብንል አይበቃንም።

ወደ ራሳችን ንግግር ልመለስ። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲገባ ያገኘው ጎረቤት መጥፎ ነበር። በአንድ በኩል ቡና ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠው ጂን አለ (እሱም ሰውን ያልሆነውን ያደርገዋል)። በሌላ በኩል ጂኒ አለ። እኔ ግን ቃሉን ከሁሉ ይበልጥ የወረሰው ዛር ይመስለኛል። የዛርን ሰዋስው ልብ በሉ። ይሰፍራል፤ ስም አለው፤ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ የራሱ ፍላጎት አለው፤ ሰውየው ላደረገው ሁሉ «እሱ አይደለም፣ የሰፈረበት ነው» ይባላል። አሁን «ዛር» የሚለውን አውጥታችሁ «ጂን» የሚለውን ተኩበት። «አለበት።» «ከእናቱ ነው የመጣበት።» «ምን ያድርግ፣ ጂኑ ነው።» አንድም ቃል ሳንቀይር፣ አንድም ግሥ ሳናርም፣ የዘመናዊነት ካባ ደርበንለት አስገባነው። እጣንና ቡና ብቻ ነው የቀረው።

ታዲያ ያን ቀን ጠዋት ቡና ቤት ውስጥ የጮኹት ሰው ምን ተሳሳቱ? ሯጮቻችን ላይ የሰፈረ ነገር የለም ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ተጠንቶበታልም። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የብሔራዊ ቡድኑን አትሌቶች መርምረው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ የረጅም ርቀት ሯጮቹ ከቀረው ሕዝብ በተለየ መጠን ከአርሲና ከሸዋ የመጡ መሆናቸውን፣ ከሌሎች ይልቅ ረጅም መንገድ አቋርጠው፣ ብዙዎቹም እየሮጡ ትምህርት ቤት ይመላለሱ እንደነበር አሳዩ። በእናት በኩል የሚወርደውን ዲኤንኤ ሲመረምሩ በሯጮቹና በቀረው ኢትዮጵያዊ መካከል ልዩነት አላገኙም። በአባት በኩል በሚወርደው ላይ አንዳንድ ልዩነት ታይቷል፤ ይሁንና ያ የትውልድ ሐረግ ምልክት ነው፤ እግር ያፈጥናል ያለ የለም። ጋዜጦች «የፍጥነት ጂን» የሚሉት ኤሲቲኤን-3 የተባለው ደግሞ በፈጣን ጡንቻ ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን የሚመለከት ነው። ይህ ፕሮቲን ጨርሶ የሌላቸው ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰዎች በዓለም ላይ በሰላም ይኖራሉ። በ2007 በኢትዮጵያና በኬንያ ሯጮች ላይ የተደረገው ጥናት በዚህ ጂን ረገድ ከአገራቸው ሰው የሚለያቸው ነገር አላገኘም።

ይህን ስል በሩጫ ውስጥ ውርስ ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። ቁመት፣ የእግር ቅጥነት፣ የሳንባ ስፋት ከወላጅ የሚመጣ ነገር አለባቸው፤ እኔ ለምሳሌ በቆጂ ብወለድም ለኦሊምፒክ አልበቃም ነበር። የምለው፣ «ጂናችን ነው» የምትለው ዐረፍተ ነገር ሌላውን ሁሉ ትበላዋለች ነው። 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውን በቆጂን ትበላለች። በዚያች ከተማ ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን በልጅነታቸው ያሠለጠነውን የስፖርት መምህር፣ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱን ትበላለች። የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ግራ ክንድ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሲሮጥ ጠጋ ብሎ ይታጠፋል። በልጅነቱ ደብተሩን በዚያ ክንድ ሥር ይዞ ዐሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይሄድ ስለነበር ነው፤ ራሱ ደጋግሞ ተናግሮታል። እስቲ ንገሩኝ፣ ያቺ የታጠፈች ክንድ የየትኛው ጂን ነች? ነጮቹ «ጂናቸው ነው» ሲሉን እንደ ሙገሳ እንቀበለዋለን። ልብ ብሎ ላዳመጠው ግን «ሳይደክሙ አገኙት» የሚል ንቀት አለበት።

የኛዎቹ የትምህርት መጻሕፍት ደግሞ ለቃሉ «ዘረ-መል» የሚል አቻ አውጥተውለታል። ሥራውን አላጣጥልም። ቃል መፍጠር ቀላል አይደለም፤ በፈረንጅኛ ፊደል ቆጥሮ ከመቅረትም ይሻላል። ነገር ግን «ዘር» የተሸከመው ጓዝ ብዙ ነው። ገበሬው በጎተራ የሚያስቀምጠው ዘር አለ። የሰዋስው መምህራን ጥሬ ዘርና ሳቢ ዘር የሚሉት አለ። «እህል ዘር አልቀመስኩም» የሚል ጾመኛ አለ። ዘር ማንዘር የሚቆጥር ሽማግሌም አለ። ከዚያ ወዲያ ያለውን «ዘር» ባለፉት ዓመታት ያየነው ስለሆነ ባልናገረው እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሪቻርድ ለዎንቲን የሰው ልጆችን የውርስ ልዩነት አስልቶ 85 ከመቶ ያህሉ የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል እንጂ በሕዝብና በሕዝብ መካከል እንዳልሆነ አሳይቷል። «ዘር» ብለን በምንጠራው ነገር ስም ይህን ማስረዳት እንዴት ይከብዳል! ዐረፍተ ነገሩ ገና ሲጀመር ቃሉ ራሱ ይከራከረናል።

ለእኔ ከዘሮች ሁሉ የሚሻለው የገበሬው ነው። ገበሬ ስለ ዘር ሲናገር አፈሩን፣ ዝናቡን፣ አረሙን ጨምሮ ነው። ጥሩ ዘር ይዞ በመጥፎ መሬት ላይ «ዘሩ ነው፣ ይወጣል» ብሎ የሚተኛ ገበሬ አላየሁም። ዮሐንሰን በቦሎቄ ላይ ያገኘውን እሱ በጤፍ ላይ ያውቀዋል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረት የወጣው ከገበሬው ማሳ አይመስለኝም፤ ከባላባቱ እልፍኝ ነው።

አሁን ወደ ቀጠርኩት ታሪክ ልመለስ።

እናቴ የተወለደችው ምሥራቅ ጎጃም ነው። እዚያ ያሉት ታላቅ እኅቷ፣ አክስቴ፣ ከወጣትነታቸው ጀምሮ አንድ እግራቸው ያበጠ ነው። አገሬው ዝሆኔ ይለዋል። የመጀመሪያ ልጃቸው ለጋብቻ ስትጠየቅ፣ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ደጃፍ ድረስ መጥተው፣ እግራቸውን አይተው ተመለሱ። «በዘራቸው አለ» ተባለ። ይህ ከመወለዴ በፊት የሆነ ስለሆነ በወሬ ነው የማውቀው። የልጅ ልጃቸው ነገር የመጣው ግን እኔ ባለሁበት ነው። ጠያቂው ወጣት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ነበር፤ ሽምግልናው ውስጥ የገባው አጎቱም የተማረ ሰው ነው። ሻይ ተጠጥቶ፣ ነገሩ ሳይቋጭ ሲወጡ፣ አጎትየው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ እንደ ተማረ ሰው ለተማረ ሰው፣

«ልጅቷማ ወርቅ ነች። ግን… ጂኑ አለባቸው» አለኝ።

ዝም አልኩ። ያኔ የምመልሰው አልነበረኝም። በኋላ ግን አነበብኩ።

ይህ በሽታ ከትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኤርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአገራችን ሲሠራ፣ ሕመሙ የሚመጣው በእሳተ ገሞራ ከተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ መሆኑን ደረሰበት። ደቃቅ የአፈር ቅንጣቶች በእግር ቆዳ በኩል ይገባሉ፤ የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፤ እግር ያብጣል። ፖዶኮኒዮሲስ አለው፤ ከግሪክኛው «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት ነው። በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል።

ሆኖም በአንድ መንደር፣ በአንድ አፈር ላይ፣ ሁሉም በባዶ እግሩ እየሄደ አንዱ ይታመማል፤ ሌላው አይታመምም። በቤተሰብም ይደጋገማል። የሽማግሌዎቹ ዓይን አልዋሸም ማለት ነው። በወላይታ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሥራ፣ በታማሚና በጤነኛ መካከል ካለው ልዩነት 63 ከመቶ ያህሉን ከውርስ ጋር አያይዞታል። በ2012 ደግሞ ከደቡብ ኢትዮጵያ በተወሰደ ናሙና ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ ኤችኤልኤ በሚባሉት ጂኖች አካባቢ ያለ ልዩነት ለበሽታው ከመጋለጥ ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳየ። እነዚህ ጂኖች እንግዲህ የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ ባዕድ ነገር ሲገባ ለይተው የሚያሳውቁ። በየሰዉ አካል ውስጥ በተለያየ መልክ አሉ። እግር ለማሳበጥ የተፈጠሩ አይደሉም።

63 ከመቶ! አጎትየው ይህን ቁጥር ቢያውቀው ኖሮ ምንኛ በተደሰተ ነበር። ቁጥሩ ግን የሚናገረው በባዶ እግር የሚሄዱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ለምን እንደሚለያዩ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገ፣ እግሩን የታጠበ ልጅ፣ ጂኑ የፈለገውን ዓይነት ቢሆን በዚህ በሽታ አይያዝም። ሁሉም ሰው ጫማ ቢኖረው በሽታው ይጠፋል፤ ጂኖቹ ግን አንዳቸውም ቦታቸውን አይለቁም። ያን ጊዜ «የዝሆኔ ጂን» የተባለው የት ሄደ ልንል ነው? ከመጀመሪያውም የዝሆኔ አልነበረም። «የ»ዋ የሰጠችው ሹመት ነው።

ስለዚህ «ጂኑ አለባቸው» የሚለውን በትክክል እንጻፈው ብንል እንዲህ ይሆናል፦ «በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከሚሄዱት መካከል፣ በእነዚህ ጂኖች የዚህ ዓይነት መልክ ያላቸው ከሌሎቹ ይልቅ የመታመም ዕድላቸው ይበዛል።» ረጅም ነው፤ ለጋዜጣ ርዕስ አይሆንም፤ ለጆሮ ሹክሹክታም አይመችም። የትኛውንም ቃል ብንመርጥ፣ «ጂን»ም ሆነ «ዘረ-መል»፣ ከዚህ ርዝመት የምናመልጥበት መንገድ አልታየኝም። አጫጭሯ ዐረፍተ ነገር ያጠረችው ጫማውን አውጥታ ጥላ ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ሳምንት ወደዚያው ወርጄ ነበር። አክስቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ሲታጠቡ ደረስኩ። ጤና ጣቢያው ካስተማራቸው ወዲህ በየቀኑ በሳሙና ይታጠባሉ፤ እብጠቱም ጎደል ብሏል። በበሩ ጥግ የልጅ ልጆቻቸው የላስቲክ ጫማዎች፣ ትንሽና ትልቁ ተደባልቆ፣ ተደርድረዋል። ያቺ ልጅ ሌላ ሰው አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች።

«አንተዬ» አሉኝ፤ «ይኸ ጂን ጂን የምትሉት ምንድር ነው? ያኔ ያ ሰውዬ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ አልሰማች መስሎታል።»

«በሰውነታችን ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ እቴቴ። ካባትም ከናትም የሚመጣ።»

«ጂኒ ነው?»

«ኧረ አይደለም።»

«እኔ ዘንድ ካለ እነዚህም ዘንድ አለ በለኛ» ብለው በአገጫቸው ወደ ልጆቹ አመለከቱ።

«ሊኖር ይችላል።»

«ታዲያ እግራቸውን ምነው ያልነካው?»

«ጫማ ስለሚያደርጉ።»

አክስቴ ትንሽ ዝም አሉና ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ጫማ ከፈራማ ምኑን ጂን ሆነ!» አሉ፤ ጆጉን እንዳቀብላቸውም እጃቸውን ዘረጉ።